«ፍየል ጫማ አታደርግም»፦ ከባሕር ዳር ለጻፈችልን እናት

ደብዳቤው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ልጄ አራት ዓመቱ ነው። ባለቤቴ ከአዲስ አበባ ሲመለስ አስቂኝ የእንስሳት የሥዕል መጽሐፍ አመጣለት። የሰፈሩን ሰው ጫማ እየሰረቀች ስለምትደብቅ ፍየል ነው። በቀን አራት አምስቴ ‹አንብቢልኝ› ይለኛል። እያንዳንዱን ገጽ በቃሉ ያውቀዋል፤ ግን አሁንም መሬት ላይ እየተንከባለለ ይስቃል። አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ አብረውን ይኖራሉ። ‹ይሄ ፌዝ ነው። ፍየል ጫማ አታደርግም። ልጁ ፊደል ይቁጠር፣ ምክር ያለው ተረት ይስማ› ብለው መጽሐፉን ቁም ሣጥን ላይ ሰቀሉት። ባለፈው ደግሞ ጣና ዳር ሄደን ጉማሬ አፉን ሲከፍት አየና ‹እየሳቀ ነው!› ብሎ ወደ ውኃው ሮጠ። ሮጬ ያዝኩት። አማቴም ‹አየሽ? መጽሐፍሽ ያመጣው ነው› አሉኝ። ከእሳቸው ጋር መጣላት አልፈልግም። የልጄን ደስታ መንጠቅም አልፈልግም። ምን ላድርግ? — ግራ የገባት እናት»

ውድ እህቴ፣

ከጉማሬው ልጀምር፤ እሱ የሚያድር ጉዳይ አይደለም።

ጉማሬ አፉን ያን ያህል የሚከፍተው ስቆ አይደለም። አዛግቶም አይደለም። ጥርሱን እያሳየ «ራቁኝ» ማለቱ ነው። ወንዱ በአማካይ 1,500 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የታችኛው ክራንቻው ግማሽ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ያንን ሰውነት ይዞ የሚሮጥ አይመስልም፤ ግን በየብስ ላይ ለአጭር ርቀት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። ቀን ውኃ ውስጥ ይውላል፣ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል። በተለይ የሚያስቆጣው በእሱና በውኃው መሃል የቆመ ሰው ነው። ስለዚህ አባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ፣ ሣርና ደንገል ባለበት ዳርቻ፣ አመሻሽ ላይ ከልጅ ጋር ጠርዙን ይዞ መሄድ አይገባም። ቀን ቢሆንም እጁን ይዘሽ ከሩቅ እዩት። በታንኳ የሚቀዝፉት ሰዎች ጉማሬ ሲያዩ ለምን ዞር ብለው እንደሚያልፉም ንገሪው።

ይህን መንገር ልጁን ማስፈራራት አይምሰልሽ። አራት ዓመት የሞላው ልጅ የሥዕሉ ጉማሬ ሌላ፣ የጣናው ጉማሬ ሌላ መሆኑን መረዳት ይችላል። ግን ሰው ሊነግረው ይገባል። አማትሽም እዚህ ላይ እውነት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ፓትሪሺያ ጋኒያና ባልደረቦቿ አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። እንስሳት እንደ ሰው የሚያወሩበት መጽሐፍ የተነበበላቸው ትንንሽ ልጆች፣ ስለ እንስሳቱ እውነተኛ ኑሮ የያዙት ነገር ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የሰውን ጠባይም ለእውነተኞቹ እንስሳት ይሰጧቸው ነበር። ልጅሽ ጣና ዳር ያደረገው ይኸው ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ጉማሬ ባይኖርም እንስሳ እንደሚስቅ ተምሯል።

ይህ ግን መጽሐፍ የሚያሰቅል ጥፋት አይደለም። መጽሐፉ ሲዘጋ አንድ ጥያቄ መጨመር ብቻ ነው የሚያስፈልገው። «የመጽሐፏ ፍየል ጫማ ትሰርቃለች። የጎረቤት ፍየልስ?» በይው። ቀጥለሽ «የሥዕል ጉማሬ ይስቃል። የጣናውስ?» «ይቆጣል!» ይበልሽ። «ስናየው ምን እናደርጋለን?» «ወደ ኋላ!» ጥቂት ቀን ከደጋገማችሁት ጨዋታ ይሆናል። ከዚያ ራሱ ይጠይቅሻል።

ደግሞ እውነቱም ራሱ ያስቃል። ጉማሬ እኛ እንደምናስበው አይዋኝም፤ ውኃው ሥር መሬቱን እየረገጠ ነው የሚሄደው። ቆዳው ቀላ ያለ ፈሳሽ እያወጣ ራሱን ከፀሐይ ይጠብቃል። ነጩ ፔሊካን መንቁሩ ሥር ያለው ከረጢት ከ10 ሊትር በላይ ውኃ ይይዛል። የቤታችሁን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አምጪና ግማሹን አሳዪው። አምባዛንም ገበያ ላይ አሳዪው፤ ያንን ጢም ያየ ልጅ ዝም አይልም።

አሁን ወደ ፌዙ እንምጣ።

አማትሽ «ፍየል ጫማ አታደርግም» አሉ። ልክ ናቸው። ልጅሽም የሚስቀው ለዚህ ነው። ፍየል ጫማ እንደማታደርግ የማያውቅ ልጅ በዚያ ሥዕል አይስቅም። ለመሳቅ መጀመሪያ ፍየልን ማወቅ አለበት። ጫማ ለማን እንደሆነ ማወቅ አለበት። መስረቅ ነውር መሆኑንም ማወቅ አለበት፤ አለዚያ የፍየሏ መደበቅ ምኑ ያስቃል? ይህን ሁሉ አሰባስቦ በአንድ ጊዜ ነው «ይሄ ልክ አይደለም!» የሚለው። ሳቁ የዚያ ድምፅ ነው።

መጽሐፉን አላየሁትም። ግን ጥሩ አስቂኝ የሥዕል መጽሐፍ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርሽ። ጽሑፉ አንድ ነገር ይላል፣ ሥዕሉ ሌላ ያሳያል። ጽሑፉ «ፍየሏ ምንም አላየችም» ሲል፣ በሥዕሉ ላይ የጫማ ማሰሪያ ከአፏ ተንጠልጥሎ ይታያል። ቀልዱ በቃሉ ውስጥ የለም። በሥዕሉ ውስጥም ብቻውን የለም። ሁለቱን የሚያጋጥመው ልጁ ነው። ስለዚህ ፊደል ሳይቆጥር እያነበበ ነው።

ይህን ለአማትሽ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። የቅኔ መምህር ሰሙን ይሰጣል፣ ወርቁን ፈልጎ የሚያገኘው ሰሚው ነው፤ ሲያገኘውም ፊቱ ይበራል። በሥዕል መጽሐፍ ውስጥ ሰሙ ጽሑፉ ነው፣ ወርቁ ሥዕሉ ነው። ሕፃናት ቀልድን የሚረዱት በደረጃ ነው። በሦስትና በአራት ዓመታቸው ቦታውን የሳተ ነገር ያስቃቸዋል፦ ኮፍያ ያደረገች ላም፣ አልጋ ላይ የተኛ አህያ። ሁለት ትርጉም ባለው ቃል መሳቅ የሚጀምሩት ስድስት ሰባት ዓመት አካባቢ ነው። ዛሬ በፍየሏ ጫማ የሚስቅ ልጅ፣ ነገ የአያቱን ቅኔ ለመስማት ጆሮውን እያዘጋጀ ነው። ይህን ስል አማትሽን ለማባበል አይደለም። ከልቤ የማምነው ነው።

ድግግሞሹም አያሳስብሽ። እ.ኤ.አ. በ2011 በእንግሊዝ አገር በሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ጄሲካ ሆርስትና ባልደረቦቿ የሦስት ዓመት ልጆችን አጥንተው ነበር። አንዱ ቡድን ያንኑ ታሪክ ደጋግሞ ሰማ። ሌላው የተለያዩ ታሪኮችን ሰማ። አዳዲሶቹ ቃላት የተነገሩት ለሁለቱም እኩል ጊዜ ነበር። የበለጠ ቃል የያዙት ያንኑ ታሪክ የደጋገሙት ናቸው። ልጅሽ አምስተኛ ጊዜ ሲጠይቅሽ ድካምሽ ይገባኛል፤ ግን እያባከንሽ አይደለም። ከደከመሽ አንቺ ሥዕሉን ግለጪ፣ እሱ ይተርክልሽ። እንዲያውም ከአንቺ ንባብ ይልቅ የእሱ ትረካ ይጠቅመዋል። ግሮቨር ኋይትኸርስትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት ወላጆች ከማንበብ አልፈው «ይሄ ምን እያደረገ ነው? ከዚያስ?» ብለው ሲጠይቁ፣ የሁለት ዓመት ልጆች ንግግር በአንድ ወር ውስጥ ብልጫ አሳይቷል።

«ምክር ያለው ተረት» የሚለው ሐሳብ ላይ ግን ከአማትሽ ትንሽ እለያለሁ። በዚያው በቶሮንቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት ነበር። ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ላሉ ልጆች ስለ ማካፈል የሚያስተምር ታሪክ ተነበበላቸው። ለአንዳንዶቹ ባለታሪኮቹ ሰዎች ነበሩ፤ ለሌሎቹ እንደ ሰው የለበሱ እንስሳት። ከዚያ በኋላ ያላቸውን ይበልጥ ያካፈሉት ስለ ሰዎች የሰሙት ናቸው። እንግዲህ አንድ ጥናት ነው፤ ሁሉን ነገር አይወስንም። ለእኔ ግን አንድ ነገር ይነግረኛል። የእንስሳ መጽሐፍን ለሳቅ፣ ለቃልና ለማስተዋል እንተወው። ጠባይ ለማስተማር ደግሞ የሰው ታሪክ እንንገር። ከአያት የተሻለ የሰው ታሪክ ያለው ማን አለ? በልጅነታቸው ያጠፉትን፣ የተቀጡበትን፣ ለጓደኛቸው ያካፈሉትን ይንገሩት። አያቱ አንድ ቀን ትንሽ ልጅ እንደነበሩ መስማት ለአራት ዓመት ልጅ ራሱ ተአምር ነው።

ፊደሉንም አንቺ አትተዪው፤ እሳቸው እውነታቸውን ነው። ግን ከመጽሐፏ ጋር አታጣዪው። «ፍየል» የሚለው ቃል ባለበት ገጽ ሁሉ «ፍ» አለች። ልጁ ፍየሏን ካገኘ በኋላ «ፍ»ን ይፈልግ። በአንድ ንባብ አንድ ፊደል ብቻ፣ ያውም ስቆ ሲጨርስ። ሳቁን አቋርጠሽ ፊደል አትጠይቂው። እንደዚያ ካደረግሽ መጽሐፉ ፈተና ይሆንበታል።

ቀጥሎ ያለው እኔ በጣም የምወደው ክፍል ነው። መጽሐፉን ራሳችሁ ሥሩ።

ገበያው ላይ ያለው አብዛኛው የልጆች ሥዕል መጽሐፍ የሩቅ አገር እንስሳ ነው። ድብ አለ፣ ፔንጉዊን አለ። ክፋት የለውም። ግን ጣና ዳር የሚያድግ ልጅ በየቀኑ የሚያያቸው እንስሳት መጽሐፍ ውስጥ ሲገቡ ማየት አለበት። አባ ኮዳ በራሰ በራው ሲንጎራደድ፣ አርጃኖ ድንጋይ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ዘጌ የቡና ጫካ ውስጥ ጦጣ የቱሪስት ሙዝ ስትመነትፍ፣ የቅዳሜ ገበያ ዶሮ ከገዢዋ እጅ ስታመልጥ። እነዚህ ሁሉ ሳይሣሉ አስቂኝ ናቸው።

ታሪኩን ደግሞ ከአማትሽ ውሰጂ። የእኛ ተረትና ምሳሌ ግማሹ ያልተሣለ አስቂኝ መጽሐፍ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ»ን አስቢው። አንድ ገጽ፦ ጅብ በግቢው ውስጥ ያልፋል፤ ውሻ አልጋ ሥር ነው፣ ጭራው ብቻ ይታያል። ገጹ ይገለጣል፦ ጅብ ከኮረብታው ማዶ ነጥብ አክሏል፤ ውሻ ደረቱን ነፍቶ ግቢው መሃል ይጮኻል። አየሽ፣ ሳቁ ያለው ገጹ ሲገለጥ ነው። የሥዕል መጽሐፍ ሠሪዎች ከሁሉ በላይ የሚጨነቁት ለዚያች ቅጽበት ነው። ስታነቢም ከመግለጥሽ በፊት ትንሽ ቆም በይ። ልጁ ትንፋሹን ይይዛል።

«የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል»ም በሦስት ሥዕል ያልቃል። «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» ለሥዕል የተፈጠረ ነው፤ ያን ሁሉ ገመድ አንዲት ዶሮ ላይ ስትጠመጥሚ አንቺም ትስቂያለሽ። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ግን ሙሉ መጽሐፍ ይወጣዋል። ጅቡ በባጃጅ ባሕር ዳር ይግባ። ጋቢ ይልበስ። ጽሑፉ ሁልጊዜ «የተከበሩ እንግዳ» ይበለው። ጭራው ግን በየገጹ ከጋቢው ሥር ትውጣ። ባለቤቶቹ አያዩዋትም፣ ልጅሽ ያያታል። እሱ የሚያውቀውን በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ትልልቅ ሰዎች አለማወቃቸው በደስታ ያስጮኸዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። አራት ኤፎር ወረቀት ደራርበሽ መሃል ላይ እጠፊው፤ 16 ገጽ ይሆናል። በእጥፉ ላይ በመርፌና በወፍራም ክር ስፊው፤ ስቴፕለር እጥፉ ድረስ አይደርስልሽም። ለሽፋን ያለፈ ዓመት ካላንደር ይበቃል። በዓለም ላይ የሚታተሙት የሥዕል መጽሐፎች አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ ናቸው፤ ለቤት ግን 16 ይበቃል። በየገጹ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር፣ በትልቁ ጻፊ። ባለታሪኩ በየገጹ ያንኑ ልብስ ይልበስ፤ ሥዕልሽ ቢለያይም ልጁ በልብሱ ያውቀዋል። ስሜት ያለው ዓይንና ቅንድብ ላይ ነው። ቅንድቡን ወደ ላይ ስታደርጊው የደነገጠ፣ ወደ ውስጥ ስታጋድይው የተቆጣ ይሆናል። በየገጹ ጥግ ደግሞ ጽሑፉ የማያነሣት አንዲት ትንሽ አይጥ ደብቂ። ለማንም አትንገሪ። ያገኛታል።

ስትጽፊ የምንናገረውን አማርኛ ጻፊ። ጅብ ዘጭ ይበል። ዶሮ ብርር ትበል። ዓሣ ሙልጭ ብላ ታምልጥ። ብዙ ተተርጉመው የሚመጡ የልጆች መጽሐፎች የሚደርቁት «ጅቡ ወደቀ» ብለው ስለሚያልፉ ነው። «ዘጭ» ሲባል ግን ልጁ ከአንቺ ቀድሞ ይለዋል። ቤት ያለው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ከሆነም ጽሑፉን ተዪውና ከሥዕሉ በአማርኛ ተርኪለት፤ ማንም አይከስሽም።

አንድ ነገር ግን አደራ። በእንስሳ ስቃይ የሚያስቅ ገጽ አትሥሪ፣ አትግዢም። በከተማችን ጭነት ከብዶት የሚደበደብ አህያ በየቀኑ እናያለን። ልጅ በዚያ መሳቅ ከለመደ ሌላ ነገር ነው የሚማረው። ባለታሪኩ በራሱ ጉራ፣ በራሱ ችኮላ፣ በራሱ ሆዳምነት ይሳቅበት። በማንከሱ ወይም በመመታቱ አይሳቅበት። እዚህ ላይ ከአማትሽ ጋር መቶ በመቶ እንደምንስማማ እርግጠኛ ነኝ።

ለመነሻ የሚሆን ብትፈልጊ በኢንተርኔት በነጻ የሚገኙ አሉ። አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባለው የደቡብ አፍሪካ ድርጅት ሥራና ስቶሪዊቨር የሚባለው የሕንድ ፕራታም ቡክስ ሥራ ሁለቱም የአማርኛ የሥዕል መጽሐፎች አሏቸው። በስልክ አውርደሽ ፎቶ ኮፒ ቤት ማሳተም ትችያለሽ፤ ፈቃዱ አብሮ ተሰጥቷል። የአንዳንዶቹ አማርኛ ይጎረብጣል። ቀድመሽ አንብቢውና ቃሉን አስተካክለሽ ንገሪው።

አማትሽን እንዴት ታናግሪያቸዋለሽ? ጥናቱን ይዘሽ አትሂጂ። ጡረታ የወጣ መምህር ፊት በምራት አፍ «ጥናት እንዲህ ይላል» ሲባል ክርክር ይሆናል። ጥናቶቹን የነገርኩሽ አንቺ እንድትረጋጊ ነው። ይልቅ ቡና ሲፈላ ወረቀትና እርሳስ ይዘሽ ቁጭ በይና «አባባ፣ የጅቡንና የቁርበቱን ተረት እንዴት ነበር የሚሉት? ለልጁ ልሥለው ፈልጌ ነበር» በያቸው። ይንገሩሽ። እሳቸው እያዩሽ ሣዪ። ልጁም አጠገባችሁ ይቀመጥ። የጅቡን ድምፅ ማውጣት ሲጀምሩ ልጅሽ እንዴት እንደሚስቅ ራሳቸው ይዩት። ልጅ ሆነን አባባ ተስፋዬን በቴሌቪዥን የምንጠብቀው እኮ ለምክሩ ብቻ አልነበረም፤ ለአተራረኩና ለድምፁ ጭምር ነበር። በአማትሽ ዕድሜ ያለ መምህር ይህን ያውቀዋል።

ልጅ በሥዕል ማንበብ ይችላል የሚለውም ለእሳቸው እንግዳ ሐሳብ አይሆንባቸውም። ዘጌ ሄዶ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን የተሳለመ ሰው ሥዕል ምን እንደሚያስተምር ያውቃል። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአንበሶችና በነብሮች መሃል ቆመው፣ ወፏ ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ የተሣለውን ያየ ልጅ፣ ማንም ሳያነብለት «ለምን ትጠጣለች?» ብሎ ይጠይቃል። ቅዱሳት ሥዕላት ለቀልድ አይደሉም፤ ከፍየሏ ጋር አላነጻጽራቸውም። ግን ፊደል ላልቆጠረ ሰው በሥዕል መተረክ የጣና ገዳማት ዘመናት ያስቆጠሩበት ጥበብ ነው። አንድ ቀን ልጁን ይዘውት እንዲሄዱ ጠይቂያቸው። ሥዕሉን እሳቸው ይተርኩለት።

መጽሐፉን ከቁም ሣጥኑ ላይ በድብቅ አታውርጂ። ልጁ አያቱ የከለከሉትን እናቱ ስትሰጠው ካየ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ጅቡ ተሥሎ ካለቀ በኋላ ልጁ ራሱ «የፍየሏንስ?» ብሎ አያቱን ይጠይቅ። እምቢ ካሉ ደግሞ ባለቤትሽ ይግባ። መጽሐፉን ያመጣው እሱ ነው፣ አባቱም ናቸው። አንቺ ብቻሽን መሃል ላይ መቆም የለብሽም። እሱ ለብቻቸው፣ ልጁ በሌለበት፣ በአክብሮት ይንገራቸው፦ ፊደሉ ጠዋት ከእሳቸው ጋር፣ ፍየሏ ማታ ከእናቱ ጋር። አብዛኛው አያት ለእንዲህ ያለ ድርድር እምቢ አይልም፤ በተለይ የጠዋቱ ክፍል የእሳቸው ከሆነ።